የስፖርት ጎማ ወይስ መደበኛው?

የስፖርት ጎማ መሪው ሲዞር ወዲያው ይታዘዛል። ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ሞቅ ያለ አስፋልት ላይ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። መደበኛው ትንሽ ይዘገያል። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን፣ ሥራ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው።

ችግሩ ያው ለስላሳ ላስቲክ ቶሎ ማለቁ ነው። ጎማው ጎን ላይ «ትሬድዌር» የሚል ጽሑፍ ካለ ቁጥሩን እዩት። ስፖርቱ ብዙ ጊዜ 200 ወይም 300 ነው፤ ለረጅም ዕድሜ የተሠራ መደበኛ ጎማ 500ን ያልፋል። ከፍ ያለ ቁጥር ረጅም ዕድሜ ማለት ነው። (ቁጥሩን የሚሰጡት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ የሁለት ኩባንያ ጎማ በዚህ ብቻ አታወዳድሩ።)

የስፖርቱ ጎን አጭር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ዘው ሲል ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል፤ የሾፌሩ ወገብም ድርሻውን ያገኛል። ጎኑ ላይ እብጠት ከወጣ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ ያ ጎማ አበቃለት።

ብርድ ላይማ አይነሳ። ለሙቀት የተሠራው የስፖርት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየጠነከረ ይሄዳል፣ መንሸራተትም ይጀምራል።

እኔ ብጠየቅ መደበኛውን እመርጣለሁ፤ ግን እርጥብ መንገድ ላይ ጥሩ የሚይዘውን እንጂ ርካሹን አይደለም።