ሳትለካ የማትፈታ ባለሙያ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ላመሰግናት እፈልጋለሁ። እንደኔ በኤሌክትሪክ ቫን ዕቃ የምታደርሱ ሁሉም እንድታውቋት እፈልጋለሁ። ጽሁፉ ትንሽ ይረዝማል፤ የሠራችውን በዝርዝር ካልነገርኳችሁ ግን ምስጋናዬ ባዶ ቃል ይሆንብኛል።

ቫኔ ከኋላ የተቀመጠው በአየር ሞላ ላይ ነው፤ በብረት ሞላ ፈንታ አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት ማለት ነው። ጭነት ሲጨመርበት ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም አየር የሚነፋው ማሽን፣ አየር ይሞላል። ሲራገፍ አየሩ ይለቀቃል። ቫኑም ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ ይቆማል። መቼ መሞላት፣ መቼ መለቀቅ እንዳለበት የሚያሳውቀው የከፍታ ሴንሰር የሚባል፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። አካሉ ሻሲው ላይ ይታሰራል። ከጎኑ ትንሽ ክንድ አለችው። ክንዷ በቀጭን ዘንግ፣ ከጎማው ጋር አብሮ ከሚንቀሳቀሰው ብረት ጋር ትያያዛለች። ቫኑ ከፍ ዝቅ ሲል ክንዷ ትዞራለች፤ ሴንሰሩ ያንን ወደ ቮልቴጅ ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል።

የኔ ችግር የጀመረው በግራ በኩል ነው። ጠዋት ስመጣ የኋላ ግራው ተኝቶ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይሆንም። ቆሜ ዕቃ ሳወርድ ኮምፕሬሰሩ ያለ ምክንያት ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ ቢጫ መብራት በራ። ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል። ለካ በኔ ቫን የፊት መብራቱም ራሱን የሚያስተካክለው ከዚሁ ሴንሰር በሚደርሰው መረጃ ነው። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ማሽን ሰክተው "ኮምፕሬሰሩ ደክሟል" አሉኝ። ተቀየረ። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የስህተት ኮድም ተሰረዘ። ለጥቂት ቀናት ሰላም ሆነ። ዝናብ በጣለ ማግስት ግራው ተመልሶ ተኛ። ተመልሼ ስሄድ "እንግዲያው የአየር ሞላው ሳይሆን አይቀርም" ተባልኩ። "ሳይሆን አይቀርም" የምትለዋ ነገር ልቤን ሰበረችው። ሥራዬ የሰው ዕቃ በሰዓቱ ማድረስ ነው። ቫኑ በቆመ ቁጥር አንድ ቦታ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።

ወደዚህች ልጅ የላከኝ አብሮኝ የሚሠራ ሾፌር ነው። ስደርስ ማሽን ይዛ አልመጣችም። ጥያቄ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ሲተኛ ጭነት አለው ወይስ ባዶውን ነው? ከዝናብ በኋላ ይብስበታል? ቫኑን የሚያሳጥቡት በምንድን ነው?" በኃይለኛ የውሃ ግፊት ከሥሩ ጭምር እንደማሳጥበው ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ገና ምንም አላለችም።

ከዚያ ያደረገችውን እዩልኝ። ቫኑን ባዶ አስደረገችኝ። ደልዳላ ወለል ላይ አቆመችው። የአራቱንም ጎማ አየር አስተካከለች። ከዚያ ተራ ሜትር አወጣች፤ የአናጺ ሜትር። ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ጠርዝ በግራም በቀኝም ለካች። ግራው ከቀኙ በ40 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ማሽኑን የሰካችው ይህን ወረቀት ላይ ከጻፈች በኋላ ነው። ማሽኑ ላይ የግራው ሴንሰር "ከፍታዬ ትክክል ነው" ይላል።

ወረቀቱንና ማሽኑን ጎን ለጎን ይዛ አሳየችኝ። "ጋሼ፣ ሜትሩ ወድቋል ይላል፤ ሴንሰሩ አልወደቀም ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ሜትር ደግሞ አይዋሽም" አለችኝ። ስንት ቀን የተንከራተትኩበት ነገር በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ሴንሰሩ ቫኑ ሳይነሳ "ተነስቷል" ሲል ኮምፒውተሩ አየር ይለቃል። መልሶ "ወርዷል" ሲል ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል። ኮምፕሬሰሩ የታዘዘውን ነበር የሚያደርገው። ጤነኛ ዕቃ ነው ያስቀየርኩት።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሴንሰሩን ፈትቶ ይጥል ነበር። እሷ ገና አልጨረሰችም። በአየር ሞላውና በቱቦዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባች፤ የሚተነፍስ ቦታ የለም። የዘንጉን ሁለት ጫፎች በእጇ አንቀሳቀሰች፤ አልተሰበረም፣ አልደረቀም። ከዚያ ቴስተር ይዛ ወደ ሽቦዎቹ ሄደች። ወደ ሴንሰሩ የሚገባው 5 ቮልት በትክክል ይደርሳል፤ የመሬት (ኔጌቲቭ) ሽቦውም ደህና ነው። በመጨረሻ ዘንጉን አላቃ የሴንሰሩን ክንድ በጣቷ ቀስ አድርጋ አዞረቻት፤ እኔ ቴስተሩን እንዳነብ ሰጠችኝ። ከሴንሰሩ የሚወጣው ቮልት ቀስ እያለ መጨመር ነበረበት። 1 ነጥብ ምናምን፣ 2፣ 2 ነጥብ ምናምን እያለ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ድንገት ዘለለ። መለሰቻት፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ዘለለ። ያ ቦታ ቫኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆምበት ከፍታ ነው። በዓይኔ አየሁት። "ሳይሆን አይቀርም" የለም።

የሴንሰሩ ሶኬት ሲነቀል ውስጡ በዝገት አረንጓዴ ሆኗል። የውሃ መከላከያ ጎሚኒው ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባ ነበር። ስለ እጥበቱ የጠየቀችኝ ለዚህ ነው ለካ።

ስለ መቀየሩ ብዙ አላወራም፤ ሴንሰሩ የታሰረው በሁለት ትንንሽ ቡሎኖች ብቻ ነው። ጥንቃቄዋን ግን ሳልናገር አላልፍም። በማሽኑ የአየሩን ግፊት አስለቀቀች፤ ራሱን በራሱ የሚያነሳውን ሥርዓትም አጠፋች። አየር ብቻ በያዘው መኪና ሥር ማንም ጭንቅላቱን አያስገባም አለችኝ። ከዚያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ኔጌቲቭ አላቀቀች። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለሆነ ክሪኩን የትም ቦታ አልደገፈችም፤ አምራቹ ምልክት ያደረገበትን ነጥብ ፈልጋ አነሳችው፣ ከሥሩም የብረት መቆሚያ አስገባች። ብርቱካናማዎቹን ወፍራም ኬብሎች እያሳየች "እነዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸው፤ የኛ ሥራ ከነሱ ጋር አይገናኝም፣ እጃችንም አይነካቸውም" አለች። አንዱ ቡሎን ዝጎ አልፈታ ሲላት አልታገለችውም። የዝገት መፍቻ ነፍታ ትታው ሄደች። ስትመለስ ቀስ ብሎ ተፈታ።

አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አድርጋ ቁጥራቸውን አመሳከረች። የግራና የቀኝ ሴንሰር መንትያ ይመስላሉ፤ በብዙ መኪና ግን አንድ አይደሉም። የሴንሰሩ ክንድም ወደየት እንደምትመለከት ከመፍታቷ በፊት ፎቶ አንስታ ነበር። ተገልብጣ ብትገጠም ኮምፒውተሩ መውረዱን እንደ መነሳት ይቆጥረዋል፤ የወደቀውን ቫን ጭራሽ አየር እያስለቀቀ ይጥለዋል። በሶኬቱ በኩል ያሉትን የሽቦ ጫፎች አጽድታ አዲስ ጎሚኒ አደረገችበት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ሴንሰሩ ተገጠመ፣ ባትሪው ተመለሰ፣ ቢጫው መብራት ጠፋ። እኔ ቁልፌን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። "ገና ነው ጋሼ" አለችኝ። አዲስ ሴንሰር የቫኑ ትክክለኛ ከፍታ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ማስተማር አለብን አለች። ቫኑን እዚያው ደልዳላ ወለል ላይ መለሰችው። በሮቹ ተዘጉ፣ ውስጡ ማንም የለም። በሜትሩ እንደገና ለካች። ልኩን በሚሊ ሜትር ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ቫኑ ተነስቶ ቆመ። ስትለካው ግራው በ6 ሚሊ ሜትር ይለያል። ለኔ ዓይን አይታይም፤ "ይበቃል" ልላት ነበር። እሷ ግን ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። በሁለተኛው ግራና ቀኙ እኩል መጣ። ከዚያ የፊት መብራቱን አስተካከለች። አብረን ነድተን ተመለስን፣ ኮዱን ድጋሚ አነበበች፣ ምንም የለም። ጭነቴን አስጭና ለሦስተኛ ጊዜ ለካችው።

አሮጌውን ሴንሰር በላስቲክ ጠቅልላ በእጄ ሰጠችኝ። ሳልጠይቃት ነው። "እጅሽ ይባረክ ልጄ" አልኳት፤ ከዚያ የበለጠ ቃል አልመጣልኝም። የምትሠራው ነገር አለመዋሸቱን ሰው በዓይኑ እንዲያይ የምታደርግ ባለሙያ ስታገኙ ምን ይባላል? አንጀቴን አራሰችው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዝናብ ዘንቧል። ግራው አልተኛም። ኮምፕሬሰሩ የሚነሳው ስጭን ብቻ ነው። ማታ ማንም መብራት አያበራብኝም። እጥበቱንም አስተካክያለሁ፤ ከሥር ሲታጠብ ግፊቱን ከሶኬቶቹ አርቀው እንዲይዙት እቆጣጠራለሁ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም። ሳላስፈቅድ የሰው ስልክ አደባባይ ማውጣት ደስ አይለኝም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ ግን ግማሽ ቀን ስጧት፤ እየተጣደፈች የምትሠራ ሰው አይደለችም። ቫኑንም ባዶውን ውሰዱት። ጭነት ይዛችሁ ከሄዳችሁ አውርዱ ብላ ትመልሳችኋለች።