ገርዓልታ ከመሄዴ በፊት ጫማዬን ላዩልኝ የሸራ ተራው ጋሼ

ትግራይ ውስጥ ካሉት የገርዓልታ ተራሮች ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ይህን ጽሁፍ የዚያኑ ቀን ልጽፈው ነበር። ግን መጀመሪያ መርካቶ ሄጄ በአካል ማመስገን ፈለግኩ። ትናንት ሄጄ አመሰገንኳቸው። «ስሜን ተይው፣ ሥራውን ጻፊ» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ ሸራ ተራ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጫማ ይሰራሉ፣ ይጠግናሉ። ተራራ ወጪ አይደሉም። ነገር ግን ተራራ የበላው ጫማ እሳቸው ጋ ይመጣል። አስጎብኚዎች ያመጣሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ሃይኪንግ የሚወጡ ልጆችም ያመጣሉ። ሶሉ የት ጋ እንደተበላ አይተው ባለቤቱ እንዴት እንደሚረግጥ ይነግሩታል። እኔንም ገና ከመቀመጤ ያደረግኩትን ስኒከር ገልብጠው አዩና «ቁልቁለት ስትወርጂ ወደ ኋላ ትደገፊያለሽ» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

እሳቸው ጋ ያደረሰኝ አንድ ቦት ጫማ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያመጣችልኝ ነበር። ወፍራም ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ሲያዩት ያኮራል። «ለትልቅ ጉዞ ይሁን» ብዬ ለዓመታት ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። የገርዓልታው ጉዞ ሲቆረጥ ልፈትሸው ብዬ የረር ተራራን ወጣሁበት። መውጣቱን ወጣሁ። ስንወርድ ግን የግራው ሶል ከተረከዙ በኩል ተላቀቀ። ጥቂት ቆይቶ የቀኙም ተከተለ። ሶሉን በክር ጠፍሬ፣ እያነከስኩ ነው መኪና ያለበት የደረስኩት።

ከዚያ ሁለት ቦታ አሰራሁት። ሁለቱም ጋ ማስቲሽ ቀብተው መለሱልኝ። ሁለቱም ጊዜ ሳምንት አልቆየም። ለምን እንደሚላቀቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ማስቲሹን አላዩም። በሶሉና በቆዳው መሀል ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ልጄ፣ ማስቲሹማ ይዟል» አሉኝ። «ያልያዘው ስፖንጁ ነው። ፍርፋሪ ላይ ምን ቢለጠፍ አይቆይም።»

ይህ የመሀለኛው ክፍል በብዙ ቦት ጫማዎች ላይ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሰራል። ምቹ ነው፣ ክብደትም ይችላል። ግን የአየር እርጥበት ከጊዜ ብዛት ውስጥ ውስጡን ያፈርሰዋል። ጫማውን ባታደርጉትም ይፈርሳል። ከላይ ሲታይ አዲስ የሚመስል ጫማ መንገድ ላይ በድንገት የሚከዳው ለዚህ ነው። ያገለገለ ቦት ከቦንዳ የምትገዙ ሰዎች እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ስፖንጁን ዙሪያውን ጫን ጫን በሉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

«ሶሉን በሙሉ ቀይሬ ብርሽን ልወስድ እችል ነበር» አሉኝ። «ግን ገደል ላይ ልትቆሚበት ነው። ለዚያ ደግሞ ይሄ ጫማ ድሮውንም አይሆንሽም።» አንዲት ብር አልተቀበሉኝም። አመኔታዬን ሙሉ በሙሉ የሰጠኋቸው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ለገደል መንገድ የሚያስፈልገው ወፍራምና ረጅም ቦት ነው ብዬ አምን ነበር። ጋሼ አልተከራከሩኝም። የሱቃቸው ደፍ ላይ በስኒከሬ ጫፍ ብቻ እንድቆም አደረጉኝ። ስኒከሩ ከመሀሉ ታጠፈና ተረከዜ ወደ ታች ሰመጠ። ቀጥለው ለጥገና የመጣ አንድ የአስጎብኚ ጫማ አስደረጉኝ። ዝቅ ያለ ነው፣ ሶሉ ቀጭን ግን ጠንከር ያለ። ጫፉ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የደፉም ጠርዝ በጣቶቼ ሥር ተሰማኝ። ያቺ አንድ ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ ካነበብኩት ሁሉ በላይ አስተማረችኝ።

ድንጋይ እየቆነጠጡ በሚወጣበት መንገድ ላይ ሙሉ እግር የሚያርፍበት ቦታ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በአውራ ጣት በኩል ባለው የጫማው ጫፍ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ለጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ለጭቃ የተሰራ ትልልቅ ጥርስ ያለው ሶል ትንሽ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጥርሱ ይታጠፋል፣ እግርም ይንሸራተታል። ሶሉ በጣም ከወፈረ ደግሞ እግራችሁ ምን እንደረገጠ አያውቅም። ጎማው ራሱ ለስለስ ማለት አለበት፤ ጥፍር ጫን ሲደረግበት ትንሽ ምልክት ይቀበላል። ለስላሳ ጎማ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለገደሉ የገዛችሁትን ጫማ ታክሲ ተራ አትጨርሱት።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ከሚፈነጣጠር ድንጋይ ይከላከላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ተዳፋት አለት ላይ የእግር አንጓ እንደ ልብ መታጠፍ አለበት። ሶሉ ከአለቱ ጋር በደንብ የሚነካካው ያኔ ነው። ለእንዲህ ያለው መንገድ እኔ አሁን ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ፈረንጆቹ አፕሮች ሹ የሚሉት ዓይነት ነው።

ምን እንደምፈልግ ከተነገረኝ በኋላ ያገለገሉ ጫማዎች ከሚሸጡበት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሻጩን መልሼ አመጣዋለሁ እያልኩ ለጋሼ አሳየሁ። የመጀመሪያውን ገና ከሩቅ አይተው መለሱት፤ ሶሉ እንደ ትራስ የወፈረ ነበር። ሁለተኛው እግሬ ላይ ልክክ አለ። እኔ ወድጄው ነበር። ጎማውን በጥፍራቸው ሞከሩና «ደርቋል፣ እንደ ሸክላ ነው» አሉ። ሦስተኛውን አገላብጠው ብዙ አዩት። ክሩ እስከ ጣቶቹ ድረስ ይወርዳል፣ ጫፉ በጎማ ታጥሯል፣ ስፖንጁ ደህና ነው። የተበላው የሶሉ ጫፍ ብቻ ነበር።

«ይሄን እንሰራዋለን» አሉ።

ግን መጀመሪያ ልኩን አረጋገጡ። ጠዋት ስለነበር ማታ ተመለሺ አሉኝ፤ እግር ቀን ሲውል ያብጣል። ተራራ ላይ የማደርገውን ካልሲ አድርጌ መጣሁ። ክሩን አጥብቀው አስረው የደረጃውን ቁልቁለት እንድወርድ አደረጉኝ። ጣቶቼ ፊቱን ከመቱ ጫማው ጠቦኛል፤ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው። ተረከዜ ከተነሳ ደግሞ ሰፍቶኛል። ሁለቱም አልሆነም። ከዚያ አሮጌውን ጫፍ ቆርጠው አነሱ፣ ሁለቱንም ወገን በሞረድ አሻከሩ፣ ማስቲሹን ቀቡና ጠበቁ። ጥበቃው ነው ሥራው። ማስቲሹ እርጥብ እንደሆነ ከተጣበቀ አይቆይም፤ ደረቅ ብሎ ሲነኩት የሚሳሳብ ሲሆን ነው የሚገጠመው። በመጨረሻ ጠርዙን በወስፌ ዙሪያውን ሰፉት።

መጀመሪያ የወጣነው ከአለት ወደተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ማርያም ቆርቆር ነው። በአለት ስንጥቅ መሀል ይወጣና ከዚያ ተዳፋቱ አለት ይመጣል። አሸዋማው ድንጋይ ደረቅ ሲሆን ጎማን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ችግሩ አቧራው ነው። ጋሼ «አለት ከመርገጥሽ በፊት ሶልሽን ጥረጊ» ብለውኝ ስለነበር እያንዳንዱን ጫማ በሱሪዬ እግር እየጠረግኩ ወጣሁ። ከማርያም ወደ ዳንኤል ቆርቆር በሚወስደው ጠባብ የገደል ጠርዝ ላይ ስሄድ ስለ እግሬ አላሰብኩም። ስለ ጫማ ከዚህ የበለጠ ምን ልበል?

በማግስቱ ከመጋብ መንደር ተነስተን አቡነ ይምአታ ሄድን። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ ይምአታ ስም የተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ከአለቱ ጫፍ ተፈልፍሎ የተሰራ ነው። የሄደ ሰው እንደሚያውቀው ቀጥ ያለው ግድግዳ ሥር ሲደረስ ጫማ ይወልቃል። ቦታው ቅዱስ ነው። ከዚያ በላይ በባዶ እግር ነው። የአካባቢው ልጆች ከሥር ሆነው «እግርሽን እዚህ፣ እጅሽን እዚያ» እያሉ ያወጣሉ። ለእነሱም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከበሩ በፊት ያለው ጠባብ ጠርዝ ላይ፣ ከ200 ሜትር በላይ ገደል አጠገቤ ሆኖ፣ የአለቱ እያንዳንዱ ጉድጓድ በጣቶቼ ሥር ይሰማኝ ነበር። ጋሼ በሱቃቸው ደፍ ላይ ሊያሳዩኝ የፈለጉት ይህን ነበር። ጥሩ ጫማ ከባዶ እግር ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሰሜን ተራሮች ለምትሄዱ ግን ምክሩ ሌላ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ድንጋይ የሚቆነጠጥበት መጨረሻው ላይ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው የብዙ ቀን የእግር መንገድ፣ ብርድና ጭቃ ነው። ለዚያ ጠንካራ ቦት ይሻላል፣ ስፖንጁ ከተፈተሸ። እርጥብ አለት ላይ ግን የትኛውንም ጎማ አትመኑ።

የጋሼን ሱቅ ለምትፈልጉ አቅጣጫውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ዋጋውን ሳይጀምሩ ይናገራሉ። የማይሰራ ከሆነም አይሰራም ይላሉ። ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጧቸው፣ የተሰራውን ጫማ ቀረብ ያለ ተራራ ላይ እንድትሞክሩበት። ጫማውን አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ ውሰዱ። ጭቃ ያለበትን አይቀበሉም፤ ማስቲሽ ጭቃ ላይ አይዝም።