ኢላት ላይ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የመዋኛ መቅዘፊያ) የምትገዙ፣ መጀመሪያ ይህችን ልጅ አናግሯት

የእስራኤሏ ኢላት ከተማ ውስጥ የባሕር መጥለቂያ ዕቃ ሱቅ የምትሠራ አንዲት የእኛው ልጅ አለች። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣት!

መጀመሪያ የገዛሁበትን ቦታ ስም አልጠራም። ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ሻጩ ረጅምና ድርቅ ያለ ፊን አወጣና «ከዚህ የሚበልጥ የለም» አለኝ። ምን ለብሼ እንደምጠልቅ እንኳን አልጠየቀኝም። ውሃ ውስጥ እግሬ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቴ ወደ ታች ሆነ። ባቴ ይኮማተራል፤ ስፍጨረጨር አየሬ ቶሎ ያልቃል። ልመልስለት ስሄድ «ልምምድ ነው ያነሰህ» ብሎ ሸኘኝ። ሌላው ሱቅ ደግሞ ከዚያም የሚወደድ ሊያሸክመኝ ነበር። ሰው ለፍቶ ባገኘው ገንዘብ እንዲህ ይደረጋል?

እሷ ግን ምንም ፊን ሳታወርድ «ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ዝም ብለው ሲቆዩ እግርዎ ይወጣል ወይስ ይወርዳል?» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ይወጣል» አልኳት። ዕቃ ወደሚለቀለቅበት ገንዳ ወሰደችኝ። የእኔን ፊን ጣለችው፤ ተንሳፈፈ። አጠር ያለ ጥቁር የጎማ ፊን ጣለች፤ ወዲያው ታች ተቀመጠ። በቃ፣ ገባኝ።

የመጥለቂያ ልብሱ ውስጡ ጥቃቅን አረፋ ስላለው ራሱ ያንሳፍፋል። ቀይ ባሕርም ጨው ይበዛዋል፤ ወደ ላይ ይገፋል። በዚያ ላይ የሚንሳፈፍ ፊን ሲጨመር እግር እንዴት ይረጋል? እግሩ የሚወርድበት ሰው ግን ቀለል ያለው ይሻለዋል አለችኝ። ወደ ታች እንዲያወርደኝ የምይዘውን የእርሳስ ክብደትም ቦታ ቀያየረችልኝ። ስሌቱን አላውቀውም፤ እንዳለችኝ አደረግኩ።

የማልረሳላት ግን ሌላ ነው። ገንዘብ ሳትቀበል «መጀመሪያ ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት ይመልሱልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ማን እንዲህ ያደርጋል?

ኮራል ቢች የሚባለው የኢላት ባሕር ዳርቻ ገባሁ። ሰውነቴ አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው ተዘረጋ። እዚያ ኮራል (ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ሆኖ የሚያድግ ሕያው ፍጥረት) መንካት በሕግ ክልክል ነው፤ በዓመታት ያደገው በአንድ የፊን ምት ይሰበራል። እኔ «ወንዝ እንዳትገባ» እየተባልኩ ደጋ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ሳልወራጭ፣ ምንም ሳልነካ፣ ዓሦቹ በአጠገቤ ሲያልፉ አየሁ። እናቴ ብታየኝ ብዬ እንባዬ መጣ።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የድሮ ፊናችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትገዙም ገንዳው ውስጥ ትሞክርላችኋለች።