የግቢዬን የፍሳሽ ቦይ የሠሩልኝ የአዳማ ልጆች

አዳማ ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢያችሁ ውሃ የሚገባ ከሆነ እነዚህን ልጆች ጥሯቸው። ቢሮም ታፔላም የላቸውም፣ በሰው በሰው ነው የሚገኙት።

በጣም የወደድኩላቸው ቁፋሮ ሳይጀምሩ ሰፈሩን ዞረው ማየታቸው ነው። ቀድሜ ያነጋገርኳቸው ሁሉ "የበሩን ደፍ ከፍ እናድርገው" ነበር ያሉኝ። ዋናው ግንበኛ ግን "እህቴ፣ እሱን ብናደርግ ጎረቤትሽን ነው የሚያጥለቀልቀው፣ መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እንየው" ብሎ መንገዱን ሽቅብ ያዘው። እውነቱን ነው። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ የከበባት ጎድጓዳ ከተማ ናት፤ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ኮረብታው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣብናል። ኮረብታው ተራቁቷል፣ ታች ያለው ደግሞ ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ነው፣ ታዲያ ውሃው የት ይስረግ? ያለውም ዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኗል። በዚያ ላይ አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ስለሚችል ዝናቡ ሲመጣ ዶፍ ሆኖ ነው። በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ከላይ ከደጋው በወረደ ውሃ ነው።

ልኬታቸው ደስ ይላል። ቀጭን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱ ጫፉን በሩ ላይ፣ ሌላው ኩሽናው ጥግ ያዙት፤ ውሃው ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ስለሚቆም የቱ ዝቅ እንደሚል ይታያል። ኩሽናው ከበሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተገኘ! ቦዩን ከዚያ ጀምረው ተዳፋቱን ጠብቀው ወደ መንገዱ ዲች አወጡት፣ የጣሪያውንም አሸንዳ አገናኙት። ክዳኑ የሚነሳ የብረት ፍርግርግ ስለሆነ ደለሉን ራሴ እጠርጋለሁ።

ቅሬታ አለኝ። የተቆፈረውን አፈር በር ላይ ከምረው ሄዱ፣ ስንት ጊዜ ደውዬ ነው ያነሱት። መሃል ላይም ተጨማሪ ሲሚንቶ ግዢ አሉኝ። ዋጋውን ከነዕቃው በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ነሐሴ ላይ ያ ሁሉ ዶፍ ሲወርድ ኩሽናዬ ጠብታ አልገባበትም። መንገዱ ላይ ያለውን ጎርፍ ግን ቦዩ አያቆመውም፣ ይህንንም ሳይደብቁ ነግረውኛል። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 30 ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ስለዚህ ልጆቻችሁን "ቶሎ ተሻገሩ" ብላችሁ እንዳትልኩ።

ማሠራት የምትፈልጉ ከሰኔ በፊት ያዟቸው። ዝናቡ ከገባ ጉድጓዱ ውሃ እያቆረ ሥራው ይጓተታል፣ እነሱም በቀላሉ አይገኙም።