ቮልሴን ከቀለም ላዳኑልኝ ጋሼ

ይሄ ምስጋና በጣም ዘግይቷል፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

አሮጌ ቮልስ አለችኝ፣ የ1962 ስሪት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ስገዛት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀለሟን አስፍቄ፣ አዲስ አስቀብቼ፣ ወንበሯን ቆዳ አልብሼ እንደ አዲስ ላብረቀርቃት። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ እንኳን ሊመክረኝ ጭራሽ ሳይጠይቀኝ አንዱን የፊት ፓራፋንጎ እስከ ብረቱ ፋቀው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ሥራው ፈጠነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያስቆሙኝ እኚህ ሰው ናቸው። ድሮ ባትላሜራ ነበሩ፣ መካኒክነትም ሠርተዋል። አሁን ግን ዋና ሥራቸው የአሮጌ መኪና ማንነት ማጣራት ነው፤ ሰብሳቢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት እሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ የሄድኩት ግን የትኛው ቀለም ያምርባታል ብዬ ልጠይቃቸው ነው!

ጥያቄዬን የሰሙኝም አልመሰለኝ። የኋላ ወንበሩን አነሱ። በመኪናዋ መሐል በሚያልፈው የሻንሲው ቱቦ ላይ ያለውን አቧራ በጨርቅ ጠረጉና በባትሪ እያበሩ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፉ። ቀጥለው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር የተመታውን ቁጥር አነበቡ። ከዚያ ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ ይሄ ሞተር የሷ አይደለም።" ቁጥሩ የሚጀምረው በኤች ፊደል ነው፤ ኤች ደግሞ ከ1966 ወዲህ የመጣው የ1500 ሲሲ ሞተር ነው፤ የ62 ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው በ1200 ሲሲ ነበር።

እኔ ሞኙ ምን ብል ጥሩ ነው? "ታዲያ ፍቀን የድሮውን ቁጥር አናስመታበትም?" ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። "ሞተር መቀየሩ ነውር የለውም፣ ጽፈህ ታስቀምጠዋለህ። ቁጥር ከፋቅክ ግን ከዚያ በኋላ ስለዚች መኪና የምታወራውን ማን ያምንሃል?" አሉኝ።

ያን ቀን ቆመን ያወሩልኝን መቼም አልረሳውም። ኦልድ ነምበር ዋን የምትባል ቤንትሌይ፣ የእንግሊዝ የውድድር መኪና አለች፣ በ1929 እና በ1930 ፈረንሳይ ውስጥ “ለ ማን” የሚባለውን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈች። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገሯ ተለዋወጠ፣ በ1932 ደግሞ ብሩክላንድስ የሚባለው የእንግሊዝ መወዳደሪያ ላይ ከባድ አደጋ ደርሶባት እንደገና ተሠራች። በ1990 ልትሸጥ ስትል ገዢው ይቺ ያቺ መኪና አይደለችም፣ አልረከብም አለና ነገሩ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው የፈረዱት፣ ኦሪጅናል ልትባል አትችልም፣ እውነተኛዋ ኦልድ ነምበር ዋን ግን እሷው ናት ብለው ነው፤ አዲሱ ዕቃ ሁሉ የገባው በራሷ ላይ ስለሆነ ማንነቷን ያጣችበት ጊዜ የለም። ሰብሳቢ የሚከራከረው እንዲህ ባለው ነገር ነው ለካ! ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ በማን እጅ ነበረች፣ ማን ነዳት፣ የት ተወዳደረች፣ መሐል ላይ የማይታወቅ ጊዜ አለ ወይ። እኔ ደግሞ ቀለም ቀለም እላለሁ።

አንዳንዷን መኪና ደግሞ ቀዳሚነቷ ብቻ ይለያታል። አሜሪካ ውስጥ በ2014 በብሔራዊው የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ መጀመሪያ የሰፈረችው ሼልቢ ኮብራ ዴይቶና የምትባል የውድድር መኪና፣ ከተሠሩት ስድስት ዴይቶናዎች የመጀመሪያዋ ናት። የአምስቱ ቦዲ ጣሊያን ሲሠራ የሷ ካሊፎርኒያ፣ እዚያው ሼልቢ ጋራዥ ውስጥ ነው የተሠራው።

የኔዋ እንዲህ ያለ ጉድ የላትም። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ ብርቅ ናት ብዬ አልዋሽም። 30 ዓመት ማለፏም ብቻውን ምንም አይደለም፤ ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአሮጌ መኪኖች ፌዴሬሽን እንኳ ከዕድሜው ሌላ ይዞታዋ ከታሪኳ ጋር እንዲሄድ ይጠይቃል። ጋሼ ግን ያላትን አሳዩኝ። ጀርመን ዎልፍስቡርግ ያለው የፎልክስቫገን (የቮልስ) ሙዚየም በሻንሲ ቁጥር የልደት ወረቀት ስለሚሰጥ ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። ወረቀቱ ሲመጣ ቀለሟ ሰማያዊ ይላል፤ ዳሽቦርዱ ሥር ገብተን ስናይ ያው ሰማያዊ፣ ማንም ያልነካው። የሸጡልኝን ቤተሰቦች ደውለህ ጠይቅ አሉኝ፣ ጠየቅኩ። ከአንድ አሮጌ ፖስታ ውስጥ ኪሎሜትሩ ሳይቀር የተጻፈበት የጋራዥ ደረሰኝ እና ልጆቹ ኮፈኗ ላይ ተቀምጠው የተነሱት ፎቶ ወጣ፣ ታርጋዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ፎቶ ሳይ እንባዬ መጣ፣ አላፍርም።

በመጨረሻ ያስቀባነው ያንን የተፋቀውን ፓራፋንጎ ብቻ ነው። የቀረው ጭረቱም መደብዘዙም እንዳለ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ሥራቸውም ቀስ ያለ ነው። መኪናዬ ለሠርግ ትድረስልኝ የምትሉ ሌላ ሰው ፈልጉ። አሮጌ መኪና ልትገዙ ወይም ልታድሱ ያሰባችሁ ግን አንድ ብሎን ሳትፈቱ እሳቸውን አማክሩ። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ መኪናውን ደግሞ አታሳጥቡት። እኔ አሳጥቤ ሄጄ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ተለጥፎ የኖረው የድሮ የዘይት መቀየሪያ ወረቀት በውሃ ተነስቶ ስለጠበቃቸው እስከ ዛሬ ይቆጡኛል።