ኩዌሪው እምቢ ሲል፦ አክሰስ፣ ማይኤስኪውኤል ወይስ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ?

ለሱቅ ወይም ለትንሽ ቢሮ ዳታቤዝ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት እላለሁ። ፕሮግራሙ ለደህንነት ብሎ ኩዌሪ (መረጃ ለማሳየት፣ ለመጨመር፣ ለመቀየር ወይም ለመሰረዝ ለዳታቤዙ የሚሰጥ ትእዛዝ) ሲያግድ፣ ማገዱን በግልጽ ይናገራል ወይ?

አክሰስ እዚህ ላይ ደካማ ነው። ፋይሉን ካላመነው መረጃ የሚያሳየውን ኩዌሪ ያስኬዳል። የሚጨምረውን፣ የሚቀይረውንና የሚሰርዘውን ግን ያግዳል። መልእክቱ የሚወጣው ከመስኮቱ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል ነው። የወሩን ሂሳብ ለመዝጋት የሚጣደፍ ሰው አያየውም። ኩዌሪውን የሚያስኬደውን "ረን" ደጋግሞ ይጫናል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ጤነኛውን ኩዌሪ አፍርሶ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም መፍትሔው አንድ ክሊክ ነው። ከላይ በሚታየው ቢጫ መስመር ላይ "ኢኔብል ኮንቴንት" ይላል።

ለዘለቄታው ደግሞ ለዳታቤዙ ብቻ የሚሆን ፎልደር ክፈቱና በአክሰስ የደህንነት ቅንብሮች፣ በ"ትረስት ሴንተር" ውስጥ ከታመኑት ቦታዎች መዝግቡት። ዳውንሎድስን ግን በፍጹም እንዳትመዘግቡ! ከኢንተርኔት የወረደው ሁሉ ሳይፈተሽ ይገባል። ፎልደሩ በኔትወርክ ላይ ከሆነ እዚያው የኔትወርክ ቦታን የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አይቀርም።

ማይኤስኪውኤል ሲያግድ ቁጥር ጠርቶ ነው። በወርክቤንች (ለማይኤስኪውኤል ኩዌሪ በሚጻፍበት ፕሮግራም) "ስህተት 1175" ካያችሁ፣ የትኛው ረድፍ እንደሚቀየር በቁልፍ ዓምዱ (አንዱን ረድፍ ከሌላው በሚለየው ዓምድ) ሳትገልጹ ለመቀየር ወይም ለመሰረዝ ሞክራችኋል ማለት ነው። ይህን እገዳ እወደዋለሁ። የትኞቹ ረድፎች እንደሚነኩ የሚወስነውን "ዌር" መጻፍ ረስቶ የደንበኞቹን ዋጋ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከመቀየር ያድናል። ስለዚህ አታጥፉት፤ ኩዌሪውን አስተካክሉ። 1290 ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፋይል የምታስገቡት ሰርቨሩ ከፈቀደው ፎልደር ውጭ ሆኖ ነው። ወደዚያ ውሰዱት።

ኤክስፕረስ ከሁሉም የተሻለ ይናገራል። የኤክሴል ፋይል በቀጥታ በኩዌሪ ለመክፈት ስትሞክሩ "15281" ይላል፤ የተዘጋውን ቅንብር ስምና የሚከፈትበትንም መንገድ ይነግራል። የሚከፍተው ግን አስተዳዳሪው ነው። ከሌላ ኮምፒውተር ለመገናኘትም ቲሲፒ አይፒን (በኔትወርክ የመገናኛውን ስልት) ማብራትና ፋየርዎልን መክፈት ያስፈልጋል።

ማይኤስኪውኤል ኮሚዩኒቲና ኤክስፕረስ ነፃ ናቸው። አክሰስ ይገዛል፣ በማክ አይሠራም፣ ፋይሉም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ኤክስፕረስ በ2022 እትሙ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ይፈቅዳል።

ብቻውን በአንድ ኮምፒውተር ለሚሠራ፣ ፎርምና ሪፖርት ቶሎ ለሚፈልግ ሰው አሁንም አክሰስን እመርጣለሁ። ድረ ገጽ የሚሠራላችሁ ባለሙያ ካለ ማይኤስኪውኤል ይሻላል። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚመዘግብበት ቢሮ ከሆነ መረጃውን ኤክስፕረስ ላይ አስቀምጡ፤ ፎርሞቹ በአክሰስ ይቀጥሉ። ያኔም ቢሆን የአክሰሱን ፋይል በየኮምፒውተሩ በታመነ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ እንዳትረሱ።