ጭን ላይ የሚጋደም ዳልሲመር በድሬዳዋ፦ የአንድ ጀማሪ ግምገማ

ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ስትመጣ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ተሳፍራ ድሬዳዋ እስክትደርስ ድረስ ከእጇ ያላወረደችውን ረጅም ጥቁር ቦርሳ ያየ ጎረቤት ሁሉ አንዱ መሰንቆ ነው፣ ሌላው ዑድ ነው እያለ ተከራክሯል። ዑድ ማለታቸው አያስገርምም፤ የአሊ ቢራ ከተማ ናትና ዑድ ለድሬዎች እንግዳ አይደለም። ከቦርሳው የወጣው ግን ሁለቱንም ሳይሆን፣ ወገቡ የጠበበ፣ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ባለ አራት ክር የእንጨት መሣሪያ ነበር። ስሙ ዳልሲመር ይባላል። ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ ተጫውቼ አላውቅም፤ ስድስት ወር ከተለማመድኩበት በኋላ የደረስኩበትን ፍርድ፣ ዘመድ ከውጭ ምን ላምጣልህ ሲለው ግራ ለሚገባው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጽፌዋለሁ።

በቅድሚያ የስሙ ጉዳይ ገዢን ሊያሳስት እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ዳልሲመር የሚባሉት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ብዙ ክሮች የተወጠሩበት፣ በሁለት ትናንሽ መዶሻዎች እየተመታ የሚጫወቱት፣ ከኢራኑ ሳንቱር ጋር የሚዛመደው ነው። ሁለተኛውና እኔ የያዝኩት በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች አካባቢ የተፈጠረው ሲሆን፣ ጀርመናውያን ሰፋሪዎች ይዘውት ከሄዱት ሻይትሆልት ከተባለ ጠባብ መሣሪያ እንደመጣ ይታመናል። ይህንን የገጠር መሣሪያ በከተማ ሰው ዘንድ ይበልጥ ያሳወቀችው የኬንታኪዋ ዘፋኝ ጂን ሪቺ (እ.ኤ.አ. 1922–2015) ናት። ስለዚህ ለዘመድ መልእክት የሚልክ ሰው፣ ጭን ላይ የሚጋደመውን ወይም የተራራውን ዳልሲመር ብሎ መለየት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ለመቃኘት ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ሊደርሰው ይችላል።

ለጀማሪ ያለው ትልቁ ጥቅም ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ዜማ የሚመስል ነገር መስጠቱ ነው። ለተጫዋቹ ቅርብ የሆኑት ሁለት ቀጫጭን ክሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው እንደ አንድ የሚያገለግሉ የዜማ ክሮች ሲሆኑ፣ የተቀሩት መካከለኛውና ወፍራሙ በግራ እጅ ሳይያዙ ሳያቋርጡ ያጅባሉ። ፍሬቶቹ፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር አግድም የተተከሉት ሽቦዎች፣ እንደ ጊታር ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ የተደረደሩ ሳይሆኑ፣ የፒያኖ ነጭ ቁልፎች ብቻ ተነጥለው የቀሩ ያህል ስለሆኑ፣ ጣት የትም ቢያርፍ ጆሮ የሚያስደነግጥ ስህተት እምብዛም አይወጣም። በግራ እጅ ኖተር የሚባል ትንሽ ዱላ በዜማ ክሮች ላይ ይንሸራተታል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ ፒክ በሚባል ትንሽ መግረፊያ አራቱንም ክሮች አንድ ላይ ይገርፋል። የመሣሪያው ኖተር በሁለተኛው ሳምንት ስለጠፋብኝ፣ ከገበያ የገዛሁትን የወይራ መፋቂያ ቆርጬና ለስልሼ ተካሁት፤ ከዋናው የሚያንስበት ነገር አላየሁም።

ከሳምንት በኋላ ግን የራሴን አገር ዜማ ትቼ የሌላ አገር የልጆች መዝሙር መደጋገም ሰለቸኝ። ከመሣሪያው ጋር የመጣው መጽሐፍ ትዝታን አያውቅም። አጥር የምንጋራቸው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ክራር ይመታሉና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዤው ሄድኩ። አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ይኼ በገና ነው ተኝቶ ያለው? እስቲ ትዝታን አሰማኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ የት እንዳለ አላውቅም» አልኳቸው። የዚያን ዕለት ሁለታችንም መፈለግ ጀመርን፤ ይህን መሣሪያ የወደድኩትም በዚህ ፍለጋ ምክንያት ነው።

ዳልሲመሩ በተለመደው መንገድ ሲቃኝ፣ በምዕራባውያን የድምፅ ስያሜ ወፍራሙ ክር ዲ፣ መካከለኛው ኤ፣ የዜማ ክሮቹ ደግሞ ከፍ ያለ ዲ ይሆናሉ። በዚህ አቃኛኘት ትዝታ ሜጀር ምንም ሳይነካካ ይገኛል፦ ባዶ ክር፣ ከዚያም 1ኛ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛ እና 7ኛ ፍሬት። 3ኛውንና 6ኛውን መዝለል ብቻ ነው የሚጠበቀው። ባቲ ሜጀርም ባዶ ክር፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ፣ «ስድስት ተኩል» እና 7ኛ ነው። «ስድስት ተኩል» የሚባለው በ6ኛውና በ7ኛው መካከል የገባ ተጨማሪ ፍሬት ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ዳልሲመሮች ላይ የተለመደ ቢሆንም በአሮጌዎቹ ላይ ላይኖር ስለሚችል ከመግዛት በፊት መመልከት ይገባል። እሱ ከሌለ ባቲ ሜጀር በዚህ አቃኛኘት አይሟላም።

የዜማ ክሮቹን ከዲ ወደ ሲ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጓቸው ደግሞ መነሻው ወደ 1ኛው ፍሬት ይዛወርና ሁለቱ ማይነሮች ይከፈታሉ። ትዝታ ማይነር 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 እና 8፤ ባቲ ማይነር 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7 እና 8 ይሆናል። አጃቢዎቹ ዲ እና ኤ እንዳሉ ስለሚቀሩ መነሻውን ይደግፉታል። ጋሼ ባቲ ማይነርን ሲሰሙ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከእሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አምባሰል ላይ ስንደርስ ችግሩ መጣ። በተለመደው አቃኛኘት ከ2ኛው ፍሬት ተነስቶ 3፣ 5፣ ስድስት ተኩል፣ 7 እና 9 ቢባል ድምፆቹ ትክክለኛ የአምባሰል ድምፆች ናቸው፤ ሆኖም ከሥር ዲ የሚለው አጃቢ ክር መነሻውን ወደ ራሱ ስለሚጎትተው ጆሮ አምባሰልን አይሰማም። መፍትሔው የዜማ ክሮቹን እስከ ቢ ፍላት ዝቅ አድርጎ 2ኛውን ፍሬት ዲ ማድረግ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ቀጭኑ ክር ይላላና ይንቀጫቀጫል፤ ለዚህ ብቻ ወፈር ያለ ክር መግጠም ያስፈልጋል። አንቺሆዬ ጭራሹን አልተገኘም። ከ2ኛው ፍሬት ተነስቶ 3፣ 5 እና 6 ሲባል አራቱ ድምፆች በትክክል ይመጣሉ፤ አምስተኛው ግን በ7ኛውና በ8ኛው ፍሬት መካከል፣ ምንም ሽቦ በሌለበት ቦታ ላይ ይቀራል። ጋሼ ኖተሩን ወደ ጎን ትተው በጣታቸው 7ኛው ላይ ይዘው ክሩን እየገፉ ሊያወጡት ሞከሩ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ጣታቸው ተቃጠለ። አራቱን ቅኝቶች እንደልብ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ይህንን አስቀድሞ ይወቅ። በክራር አንዱን ቅኝት ወደ ሌላው መለወጥ ጥቂት ክሮችን አጥብቆ ወይም አላልቶ የሚያልቅ ነገር ሲሆን፣ እዚህ ግን ፍሬቱ የተቸነከረ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥራት የምለው የተደባለቀ ነው። የላይኛው ገጽታ ያለቀለት፣ መቃኛዎቹ እንደ ጊታር ጥርስ ያላቸውና የማይንሸራተቱ ናቸው፤ በዚህ በኩል ከክራር መቃኛ ይልቅ ለጀማሪ እጅግ ይቀላል፣ ስልክ ላይ ያለ ነፃ መቃኛ መተግበሪያም ሥራውን ይጨርሰዋል። ነገር ግን 5ኛው ፍሬት ከፋብሪካው ሲወጣ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ክሩ 6ኛው ላይ እየነካ ይጮህ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «እንዚራ ገጥመውለታል እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ እንዚራ የበገናን ክር እንዲነዝር የሚያደርገው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ በበገና ላይ ያ ዝዝታ የሚፈለግ ውበት ሲሆን እዚህ ግን ጉድለት ነው። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ርካሹን ዓይነት የሚገዛ ሰው ግን ከመቀበሉ በፊት እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ተጭኖ እንዲያዳምጥ እመክራለሁ። የእኔን በመጋላ አካባቢ የሚሠራ አንድ እንጨት ሠራተኛ በቀስታ መታ መታ አድርጎና በሞረድ አስተካክሎ አድኖልኛል።

ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደረቅና ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ ስስ እንጨት እዚህ ይጨነቃል። በቀትር ቃኝቼ ያስቀመጥኩት መሣሪያ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ድምፁ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ሐረር ዘመድ ጥየቃ ስወስደው፣ ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ደጋው ላይ፣ ከመቀመጤ በፊት እንደገና መቃኘት አለብኝ። ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ፈጽሞ መተው አይገባም። እኔ በተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ እስካሁን ምንም ስንጥቅ አልታየም።

ክር ሲበጠስ ጭንቀት የለም። የዳልሲመር ተብሎ የተለየ ክር በከተማችን አላገኘሁም፤ ሆኖም ከአኩስቲክ ጊታር ክሮች መካከል 0.012 ኢንች ውፍረት ያለው ለዜማውና ለመካከለኛው፣ 0.022 ወይም 0.024 ኢንች የሆነው ጥምጥም ክር ደግሞ ለወፍራሙ በትክክል ያገለግላል። የክሩ ጫፍ ባለ ኳስ ነው ወይስ ባለ ቀለበት የሚለው ግን እንደ መሣሪያው አሠራር ስለሚለያይ፣ የተበጠሰውን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ገንዘቡ የራሴ ቢሆን ኖሮ ይህን እገዛ ነበር ወይ? እህቴ ዋጋውን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም፤ ከኪሴ የማወጣ ቢሆን ግን መጀመሪያ ክራር እገዛ ነበር፤ የሚያስተምር ሰው አጥር ለአጥር አለ፣ ቅኝቶቹም ሁሉ ይመጣሉ። ጣቱ ክር መለየት አልችል ብሎ ክራርን አንድ ጊዜ ጀምሮ የተወ ሰው፣ ወይም እንደ እኔ ከሥራ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ትዝታንና ባቲን ለራሱ ማንጎራጎር የሚበቃው ሰው ግን፣ ዘመዱ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካለው ይህንን እንዲያስመጣ ያለ ማመንታት እነግረዋለሁ። ስድስት ተኩል ያለው መሆኑን ብቻ ደጋግሞ ያሳስበው።